ጥንድ ቁጥሮችን በጽሑፍ ስለ ማስፈር

ተማሪዎች፣ አስረጂ ድርሰት ስትጽፉ አስቀድማችሁ የነገሩን ክፍሎች በየስማቸው ለዩ። አንድ ተማሪ የባቲን ከተማ ሥፍራ ለመግለጽ «11 እና 40» ብሎ ጻፈ እንበል። ቁጥሮቹ በደፈናው ትክክል ናቸው፤ ዳሩ ግን የቱ ሰሜን፣ የቱ ምሥራቅ እንደ ሆነ አልተነገረም። 11 ዲግሪ ሰሜንና 40 ዲግሪ ምሥራቅ አንባቢውን የሰኞ ገበያ ወደሚቆምባት ባቲ አቅራቢያ ያደርሰዋል። ቢገለበጥ ግን ከሰርዲኒያ ደሴት በስተ ምሥራቅ ባሕር ውስጥ ይጥለዋል።

ኮምፕሌክስ ቁጥርም ጥንድ ነው፤ አንዱ እውን፣ ሌላው ምናባዊ ክፍል ይባላል። የሳይንስ መረጃ ከሚከማችባቸው የኮምፒዩተር ፋይል ዓይነቶች አንዱ የሆነው ኤች.ዲ.ኤፍ. 5 ለብዙ ዓመታት ለዚህ ቁጥር የተለየ ቦታ አልነበረውም። ስለዚህ አንዳንዶች ሁለቱን ክፍሎች አጣምረው ለእያንዳንዱ ስም ሰጡ፤ ሌሎች ያለ ስም ጎን ለጎን ደረደሯቸው። ሁለተኛው ልማድ አያስመሰግንም። እውኑ 3፣ ምናባዊው 4 የሆነ ቁጥር መጠኑ 5 ነው፤ ክፍሎቹ ቢለዋወጡም መጠኑ ያው 5 ነው። አቅጣጫው ግን ከ53 ዲግሪ ገደማ ወደ 37 ገደማ ይወርዳል። መጠኑን ብቻ የሚመረምር ሰው ስሕተቱን ከቶ አያገኘውም።

በሰዋስው ረገድ «እና» ያጣምራል እንጂ አይለይም። ለመለየት «አንደኛው»፣ «ሁለተኛው» የሚሉትን ቃላት ወይም የነገሩን ስም መጨመር ያስፈልጋል።

መልመጃ፦ «ትናንት 30 እና 12 ተመዘገበ።» የመጀመሪያው ቁጥር ሙቀት በዲግሪ፣ ሁለተኛው ዝናብ በሚሊ ሜትር ነው። ዓረፍተ ነገሩን አንባቢ እንዳይሳሳት አድርጋችሁ እንደ ገና ጻፉ።