ስለ 532 ቁጥር

ልጆች ሆይ፤ ሁለት ነጋድያን በአንድ ቀን ከመሐል ሜዳ ተነሡ እንበል። አንዱ በየ4 ቀኑ፣ ሁለተኛው በየ7 ቀኑ ወደ መሐል ሜዳ ይመለሳል። ዳግመኛ በዚያ የሚገናኙት መቼ ነው? 4ና 7 ከአንድ በቀር የጋራ አካፋይ የላቸውምና ከ28 ቀን በፊት አይገናኙም። አንዱ በየ4፣ ሌላው በየ6 ቀኑ ቢመለስ ግን 24 ቀን መጠበቅ አያሻቸውም፤ ሁለቱም ቁጥሮች በ2 ስለሚካፈሉ በ12ኛው ቀን ይገናኛሉ። ይህን በልባችሁ ያዙ።

ሊቃውንት የጾምንና የበዓልን ቀን የሚያወጡበት ትምህርት ባሕረ ሐሳብ ይባላል። ፋሲካ ሁልጊዜ እሑድ ይውላል፤ ደግሞም ሙሉ ጨረቃን ይከተላል። ስለዚህ መምህሩ ሁለት መንገደኞችን ይጠብቃል። የሳምንቱ ዕለታት 7 ናቸው፤ ጳጉሜን 6 የምትሆነውም በ4 ዓመት አንድ ጊዜ ነው፤ እንግዲህ ዕለትና ቀን በ28 ዓመት ወደ ነበሩበት ይመለሳሉ። ይህ ዐውደ ፀሐይ ነው። ጨረቃ ግን 235 ጊዜ ተወልዳ በ19 ዓመት ወደ ቀድሞ ቀኗ ትመለሳለች፤ ይህም ዐውደ አበቅቴ ነው።

19 ብቻ የቆጠረ ሰው ጨረቃን ያገኛል፤ እሑድን ያጣል። 28 ብቻ የቆጠረም እሑድን አግኝቶ ጨረቃን ያጣል። እንዲህ ያለ ስሕተት የመንዝን ገበሬ ገና በጾሙ በጉን ያሳርደዋል።

19 ከ1ና ከራሱ በቀር አካፋይ የለውም፤ 28ንም አያካፍልም። ስለዚህ ሁለቱ የሚገናኙት 19 በ28 ሲባዛ፣ በ532 ዓመት ነው። በግዕዝ አኃዝ ፭፻፴፪ ተብሎ ይጻፋል፤ ስሙም ዓቢይ ቀመር ነው። ቁጥሩ ያለ ቀሪ የሚካፈለው ለ1፣ 2፣ 4፣ 7፣ 14፣ 19፣ 28፣ 38፣ 76፣ 133፣ 266ና ለራሱ ነው። ከነዚህ 76ን ሊቃውንቱ ዐውደ ማኅተም ይሉታል፤ 7 ጊዜ ቢደጋገም 532 ይሆናል።

አሁን እንፈትነው። በ2017 ዓ.ም. ፋሲካ ሚያዝያ 12 ቀን ዋለ። በ2017 ላይ 5500 ብንጨምር ዓመተ ዓለሙ 7517 ይሆናል። ይህን ለ532 ብናካፍል 14 ጊዜ ደርሶ 69 ይተርፋል፤ እየቀነሱ መጣሉን ሊቃውንቱ መግደፍ ይሉታል። አሁን 532 ዓመት ወደ ኋላ ሂዱ፤ 1485 ዓ.ም.፣ የዐፄ እስክንድር ዘመን ነው። ዓመተ ዓለሙ 6985፣ ቀሪውም ያው 69 ነው። በዚያም ዓመት ፋሲካ ሚያዝያ 12 ቀን ነበረ።

ቁጥሩ ይህን ያህል የታመነ ነው። የሰማይዋ ጨረቃ ግን በየ19 ዓመቱ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ቀድማ ትደርሳለች፤ እርስዋ ቀመሩን አልተማረችምና።

እናንተም በተወለዳችሁበት ዓመት ላይ 5500 ጨምሩና ለ532 አካፍሉ። ቀሪው በቀመሩ ውስጥ በስንተኛው ዓመት እንደ ተወለዳችሁ ይነግራችኋል። በ1948 ዓ.ም. የተወለዱ አያት ያሉት ልጅ ግን የአያቱን ቢያሰላ ቀሪ አያገኝም፤ 7448 ለ532 ሲካፈል ልክ 14 ነውና፣ አያቱ የተወለዱት በቀመሩ መጨረሻ ዓመት ነው።