በዚህ አንደበትዎ ቲክቶክ ይፈራሉ?

«እኔ ደግሞ ቲክቶክ! ከልጆች ጋር ልጨፍር እንዴ?» መርካቶም ይሁን ሽሮ ሜዳ፣ ሃምሳውን የተሻገረ ባለሱቅ ፊት ስለ ማኅበራዊ ሚዲያ ሲነሳ ቀድሞ የሚመጣው መልስ ይህ ነው። ቀጥሎ ሳቅ ይመጣል። ከሳቁ በኋላ ግን ትንሽ ዝምታ አለች። ጎን ያለው ወጣት ስልኩን ባንኮኒው ላይ አቁሞ ሲያወራ ይውላላ! ደንበኛውም «ያንን በቲክቶክ ያየሁትን» እያለ፣ የእርስዎን ሱቅ አልፎ፣ እሱን ፈልጎ ይገባል።

የዛሬው ጽሑፍ ለእርስዎ ነው። መጨፈር የለብዎትም። (ካማረዎት ግን እስክስታ የሚከለክልዎት የለም፤ ሽያጭ እንደሚያመጣ ግን ቃል አልገባም።) የምነግርዎት ነገር ቀላል ነው፦ ማኅበራዊ ሚዲያ ከሚፈልገው ሥራ ከባዱን እርስዎ ገና ድሮ ጨርሰውታል። የቀረው ቁልፍ መንካት ነው፤ እሱም ገበያ በቀዘቀዘበት በአንድ ከሰዓት በኋላ ይለመዳል። የሚያመነታን ሰው ማናገር፣ ገና ከበር ሲገባ ምን እንደሚፈልግ ማወቅ፣ ሳይገዛ የሚወጣውንም ቅር ሳያሰኙ መሸኘት ግን ዓመታት ይፈልጋል። ስልክ በእጁ ይዞ ያደገው ወጣት ፊልተሩንና ሙዚቃውን ያውቃል፤ ካሜራው ሲበራ ግን የሚናገረው ይጠፋዋል። እርስዎ ደግሞ ንግግር ቸግሮዎት አያውቅም።

የሱቅ ግድግዳ ላይ የሚለጠፈውን «ዱቤ ዛሬ የለም፣ ነገ ይምጡ» የሚለውን ጽሑፍ ያስታውሱ። አጭር ነው፣ ያስቃል፣ ማንንም ሳያስቀይም ቁም ነገሩን ይናገራል፤ ያየውም ሰው ለሌላ ያወራል። ልጆቹ ዛሬ እንዲህ ያለውን «ፖስት» ይሉታል። ባለሱቆቻችን ኢንተርኔት ሳይመጣ ፖስት ሲያደርጉ ኖረዋል ማለት ነው።

ቲክቶክ ለጀማሪ የሚያደላ ቤት መሆኑንም ይወቁ። ሰው ስልኩን ሲከፍት የሚመጣለት የሚያውቃቸው ሰዎች ቪዲዮ ብቻ አይደለም፤ ፈጽሞ አይቷቸው የማያውቃቸውም ይመጡለታል። ድርጅቱ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2020 አሠራሩን ሲያብራራ፣ ተመልካች አንድን ቪዲዮ እስከ መጨረሻው ማየቱ ትልቅ ክብደት እንዳለው፣ የተከታይ ብዛት ግን በቀጥታ እንደማይታይ ገልጿል። ስለዚህ ትናንት የተከፈተ፣ ተከታይ የሌለው ገጽ ያወጣው ቪዲዮ ጥሩ ከሆነ ከተማውን ሊዞር ይችላል። ሰው እስከ መጨረሻው እንዲያይልዎት ታዲያ መግቢያዎን ያሳጥሩ። «ሰላም ውድ ተከታታዮቻችን፣ እንደምን ሰነበታችሁ፣ ከነመላው ቤተሰባችሁ…» እያሉ ሲጀምሩ ተመልካቹ በአውራ ጣቱ ገፍቶዎት ሄዷል። ሰላምታ ሳይሰጡ ነገር መጀመር ለእኛ እንደሚከብድ አውቃለሁ። ሰላምታውን መጨረሻ ላይ ያድርጉት፤ እዚያ የደረሰ ሰው በደስታ ይቀበለዋል።

ምን ላሳይ? የሚያውቁትን። ሶማሌ ተራ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጡ ከሆነ ኦርጅናሉንና ፎርጅዱን የዘይት ፊልትሮ ጎን ለጎን አስቀምጠው ያሳዩ። የጎማው ልስላሴ፣ የጽሑፉ ጥራት፣ ውስጡ ያለው ወረቀት እጥፋት፤ ለእርስዎ በዐይን ብቻ የሚለየው ነገር ለባለመኪናው ምሥጢር ነው። ያንን ቪዲዮ ያየ ሾፌር ዛሬ ከእርስዎ ላይገዛ ይችላል። ፊልትሮ መቀየሪያው ሲደርስ ግን ማንን እንደሚያምን ያውቃል።

ሽሮ ሜዳ ከሆኑ ደግሞ ሀብቱ በእጅዎ ነው። ቀሚሱን አሻንጉሊት ላይ ሰቅሎ ከሩቅ ማንሳት ሁሉም የሚያደርገው ነው። እርስዎ ካሜራውን ወደ ጨርቁ ያስጠጉት። በእጅ የተፈተለው ማግ ውፍረቱ እዚህም እዚያም ትንሽ ሲለያይ፣ የፋብሪካው ክር ግን ከዳር እስከ ዳር አንድ ወጥ ሲሆን ያሳዩ። ጥበቡን ገልብጠው ከጀርባው ያሳዩ፤ የሸማኔውን ድካም አፍ አውጥቶ የሚናገረው ጀርባው ነው። ሁለት ቀሚሶች በሩቅ እየተመሳሰሉ ዋጋቸው ለምን እንደሚራራቅ ያን ጊዜ ማንም ይገባዋል፤ «ውድ ነው» የሚለው ሙግትም ግማሹ ሱቅ ሳይደርስ ያልቃል። ሌላም አለ። ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ያለች ሙሽራ ለሠርጓ ልታዝዝዎት ትፈልጋለች፤ የምትፈራው ግን ልኩን ነው። ሜትሩ ደረት ላይ የት እንደሚያልፍ፣ ወገብ የት እንደሚለካ፣ ቁመት ከየት እስከ የት እንደሚወሰድ የሚያሳይ አንድ ቪዲዮ ሠርተው ያስቀምጡ። ከባሕር ማዶ ለሚጠይቅ ሁሉ እሱኑ ይልካሉ፤ በስልክ ለእያንዳንዱ ከመድከም ይገላግልዎታል።

መብራቱን፣ ማይኩን፣ የስልክ ማቆሚያውን አያስቡ። በር ላይ ያለው የጠዋት ብርሃን ይበቃል፤ ስልኩንም የሸቀጥ ካርቶን ይደግፈዋል።

አሁን ወደ አንድ ክፉ ልማድ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆጣ ነው። «ዋጋ በኢንቦክስ»! የሚያምር ጫማ ይለጠፋል፣ ሥሩ መቶ ሰው «ስንት ነው?» ብሎ ይጽፋል፣ መልሱ አንድ ነው፦ «ውስጥ መስመር ይግቡ»። ባለሱቁ ምክንያት የለውም አልልም። ጎረቤቱ ዋጋውን አይቶ መቶ ብር እንዳይቀንስበት ይሰጋል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ ቶሎ ቶሎ ስለሚቀያየር፣ የዛሬውን ዋጋ ይዞ ነገ የሚሟገተውን ሰው ይፈራል። ሁለቱም እውነተኛ ስጋት ነው፤ መፍትሔው ግን መደበቅ አይደለም። ጎረቤትዎ ዋጋዎን ማወቅ ከፈለገ አንድ ልጅ ልኮ ያስጠይቃል፤ ከእሱ የደበቁት ነገር የለም። የደበቁት ከገዢው ብቻ ነው። ለሚለዋወጠው ዋጋ ደግሞ ቀን ይጻፉለት፦ «ይህ ዋጋ እስከ ቅዳሜ ነው»። ይኸው! ሰውየው የሚሟገትበት አጣ፤ እንዲያውም ቅዳሜ ሳይደርስ ይመጣል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ነጋዴ የዕቃውን ዋጋ በግልጽ በሚታይ ቦታ እንዲለጥፍ ወይም ዕቃው ላይ እንዲያደርግ ደንግጓል። ሱቅ ውስጥ ያለው ደንበኛ የሚገባውን፣ በስልክ የመጣው ለምን ይነፈጋል?

ዋጋ የሚናገር ባለሱቅ ሌላም ትርፍ አለው፤ ኢንቦክሱ ከሥራ ፈት ይጸዳል። አቅሙ የማይፈቅድለት በሰላም ያልፋል። የቀረው «መጨረሻው ስንት ነው?» ባዩ ነው፤ እሱን ደግሞ ያውቁበታል።

ቲክቶክ መንገደኛውን ይጠራልዎታል፤ የጠሩትን የሚያኖሩበት ግን ቴሌግራም ይሻላል። ቻናል መክፈት ጥቂት ደቂቃ ነው። ስሙን የሱቅዎን ስም ያድርጉት፤ ልጆች የሚመርጡትን በቁጥርና በምልክት የተሞላ ስም ማንም ፈልጎ አያገኘውም። አናት ላይ ፒን የሚያደርጉት የመጀመሪያው ነገር አድራሻ ይሁን። በእኛ ከተማ አድራሻ ማለት የቤት ቁጥር አይደለም፤ «ከዚህ ገባ ብሎ፣ ከዚያ ቀጥሎ» ነው። ሱቅዎ መርካቶ ከሆነ ከአንዋር መስጊድ ወይም ከራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ተነሥተው፣ ስልኩን ይዘው እየተራመዱ፣ እያወሩ እስከ ሱቅዎ በር ድረስ አንድ ቪዲዮ ያንሱ። «የት ነው ግን ቦታው?» ለሚለው ጥያቄ ከዚያ ወዲያ አፍዎን አያደክሙም። የሚከፍቱበትንና የሚዘጉበትን ሰዓት፣ እሑድ መኖር አለመኖርዎን ከሥሩ ይጻፉ።

የደንበኛዎን ስልክ ቁጥር ግን በደብተር ይያዙ። አዎ፣ በደብተር፤ በዱቤ መዝገቡ ጀርባም ቢሆን። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ቴሌግራም፣ ቲክቶክ፣ ፌስቡክና ዩቲዩብ በአገራችን ተገድበው እንደነበር ያስታውሱ። ገጽዎ ሊዘጋ፣ አካውንትዎ ሊጠለፍ፣ ስልክዎ ሊጠፋ ይችላል። ደብተር ላይ ያለ ቁጥር ይደወልበታል። ለጠለፋው መከላከያም አለ፤ ቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ ሁለተኛ የይለፍ ቃል ያስገቡ፣ በመልእክት የሚመጣልዎትን የማረጋገጫ ቁጥር ደግሞ ወንድምዎ ነኝ ለሚልም ቢሆን አይስጡ።

ክፍያውስ? ይህ ቀሏል። ቴሌብር ግንቦት 2013 ዓ.ም.፣ ኤም ፔሳ ደግሞ ነሐሴ 2015 ዓ.ም. ሥራ ከጀመሩ ወዲህ፣ ከሌላ ከተማ ያለ ሰው ባንክ ሳይሰለፍ ይከፍልዎታል። አንድ ነገር ብቻ ይጠንቀቁ፦ ስክሪንሾት ገንዘብ አይደለም። የተላከልዎትን ሥዕል አይተው ዕቃውን ለሞተረኛ አያስረክቡ፤ የራስዎን መልእክት ወይም ሒሳብዎን ከፍተው፣ ብሩ መግባቱን አይተው ያስረክቡ። ቀን ሙሉ ብር በእጁ ሲቆጥር ለኖረ ሰው ይህን ማንም አይነግረውም፤ ልማዱን ወደ ስልኩ ይዞት መግባት ነው።

ሰዳቢም ይመጣል። ስለ ዕቃዎ፣ ስለ አነጋገርዎ፣ ስለ መልክዎ ሳይቀር የሚጽፍ አይጠፋም። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ የኮሜንት ወለምታ ደግሞ ስክሪንሾት ተደርጎ ይዞራል። ቅሬታ ያለው ደንበኛ ከሆነ በአደባባይ ይቅርታ ጠይቀው መፍትሔውን እዚያው ይናገሩ፤ ዕቃ ሲቀይሩለት ሌላው ያያልና ከማስታወቂያ ይበልጣል። ዝም ብሎ የሚሳደበውን ግን ልክ ሱቅ በር ላይ ሰክሮ እንደሚጮኽ ሰው ይለፉት።

እንዲህ ስል ሁሉም ቲክቶክ ይግባ እያልኩ አይደለም። ኮንዶሚኒየም ሥር ዳቦ፣ ዘይትና ሳሙና የሚሸጥ ባለሱቅ ደንበኛው ሁሉ ከላይ ያለው ፎቅ ነዋሪ ነው። ባሕር ዳር ያለ ሰው ሱቁን ቢያደንቅለት ምን ይረባዋል? ለእሱ የብሎኩ የቴሌግራም ግሩፕ ይበቃል። ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ «ትኩስ ዳቦ ገብቷል፣ ውኃም አለ» የምትል አንዲት መልእክት፣ ከሥራ የሚመለሰውን ሁሉ በሱቁ በኩል ታሳልፈዋለች። ካላበዛው ነው ታዲያ። በቀን አሥር ጊዜ የሚጽፍ ባለሱቅ ከግሩፑ ይባረራል።

የመጀመሪያው ቪዲዮዎ ሠላሳ ሰው ብቻ ቢያየው ይከፋዎት ይሆናል። ልጆቹ ሺሕና መቶ ሺሕ ሲቆጥሩ ሰምተዋላ! ሠላሳ ሰው በአንድ ቀን ሱቅዎ ገብቶ፣ ቆሞ ቢያዳምጥዎት ግን ማታ ቤት ገብተው ለባለቤትዎ ሳይነግሩ አያድሩም ነበር። ሁለተኛውን ያንሱ። ሦስተኛውንም። የትኛው እንደሚነሣልዎት አስቀድሞ የሚያውቅ የለም፤ ለምዶት የሚቀጥል ሰው ግን ድምፁ እየተፈታ፣ እጁ መንቀጥቀጡን እየተወ ይሄዳል።

ልጅዎ ወይም ሱቅ የሚያግዝዎት ወጣት ያስተምርዎት፤ ደስም ይለዋል። ስልኩን ግን እንዳይነጥቅዎት። «አይ እማዬ፣ አንቺ ተይው፣ እኔ ላድርገው» ሲል «አንተ ንገረኝ፣ እኔ ልንካው» ይበሉት። ቢቆጣም ይታገሡት፤ መራመድ ሲያስተምሩት እርስዎም ታግሠውታል። ነገ ሱቁን ሲከፍቱ የመጀመሪያው ደንበኛ የሚጠይቅዎትን ጥያቄ ልብ ይበሉ። እሱ ዕቃውን ይዞ እንደወጣ ስልኩን ካርቶኑ ላይ ያቁሙና ያንኑ መልስ፣ በዚያው ድምፅ፣ ከነዋጋው አንዴ ይድገሙት።