ጨርቅን በልክ ስለ መቁረጥ

በደጋ አገር የክረምት ሌሊት ብርዱ አጥንት ይሰብራል። አዲስ ብርድ ልብስ ለመግዛት ገንዘብ ያጠረው ቤተሰብ ያረጀ ልብስ ቆራርጦ፣ እራፊውን ገጣጥሞ ድሪቶ ይሰፋል። ድሪቶ መልበስ አያሳፍርም። የሚያሳዝነው ሌላ ነው፤ ያለ ልክ የተቆረጠ ጨርቅ አይገጥምም፤ ጨርቁም ድካሙም በከንቱ ይቀራል። ይህን የምንናገረው በእኛው እጅ ስለ ደረሰ ነው።

በምናስተምርበት መንደር አንዲት እናት ዓመት ሙሉ ያጠራቀሙትን እራፊ ይዘው መጡ። ሁለት የልጅ ልጆች ያሳድጋሉ። «ልጆቼ፣ እናንተ ተምራችኋል፤ እስቲ ቁረጡልኝ» አሉን። እኛም እሺ ብለን መቀስ አነሣን። የመጀመሪያውን ቁራጭ በማስመሪያ ለክተን ቆረጥን። ሁለተኛውን በመጀመሪያው፣ ሦስተኛውን በሁለተኛው ላይ እየለካን ቀጠልን። ሁሉም እኩል መስሎን ነበር። መስፋት ሲጀመር ግን አንዱ ረዘመ፣ ሌላው አጠረ፤ ጠርዝ ከጠርዝ አልገናኝ አለ። ትርፉን ስንከረክም ጨርቁ አለቀና ድሪቶው ለአንድ ልጅ ብቻ በቃ። እናቲቱ አልተቆጡንም። «የዓመት እራፊ ነበር እኮ» ብቻ አሉ። ቢቆጡን ይሻለን ነበር።

ታዲያ ስህተቱ የት ላይ ነው? አንድ ቁራጭ በሌላው ላይ አስቀምጠን ዙሪያውን ስናሰምር መስመሩ በየጎኑ 1 ሚሊሜትር ያህል ወደ ውጭ ይወጣል እንበል። በሁለቱ ጎን 2 ሚሊሜትር ይሆናል። ይህ ጎልቶ አይታይም። አሥር ጊዜ ሲደጋገም ግን 20 ሚሊሜትር፣ ማለትም 2 ሳንቲሜትር ይሆናል። ስህተት እንደ አራጣ ነው፤ ዝም ሲሉት ይወልዳል። በስንዝር መለካትም አያዋጣም። የአንዱ ስንዝር ከሌላው አይተካከልምና።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ከካርቶን አንድ ልክ ሠርቶ ሁሉንም ቁራጭ በዚያው መቁረጥ ነው። እኛ «እናት ልክ» ብለነዋል። አሠራሩ እንደሚከተለው ነው።

1. ጨርቁን አስቀድማችሁ እጠቡና አድርቁ። የጥጥ ጨርቅ ሲታጠብ ሊያጥር ይችላል።

2. በደረቅ ካርቶን ላይ እያንዳንዱ ጎኑ 22 ሳንቲሜትር የሆነ አራት ማዕዘን አስምራችሁ በምላጭ ቁረጡ። 20ው ከተሰፋ በኋላ የሚታየው ነው። 2ቱ በየጎኑ 1 ሳንቲሜትር ወደ ስፌት የሚገባው ነው።

3. ከማዕዘን እስከ ትይዩው ማዕዘን በክር ለኩ። ሁለቱም ልኮች እኩል ከሆኑ ካርቶኑ ደኅና ነው። አለዚያ ተጣሟልና እንደገና ሥሩ።

4. በካርቶኑ ላይ «እናት ልክ 22» ብላችሁ ጻፉ። ከሌላ ልክ ጋር አይደባለቅም።

5. ካርቶኑን በጨርቁ ድር አቅጣጫ አስተካክላችሁ አስቀምጡ። በሰያፍ የተቆረጠ ጨርቅ ሲስቡት ይለጠጣል። ከዚያ በጨርቁ ጀርባ በኩል ዙሪያውን በሳሙና ስባሪ ወይም በከሰል አስምሩ።

6. ቁራጮቹን ጠርዝ ለጠርዝ አጠጋግታችሁ አስምሩ። ወርዱም ርዝመቱም 110 ሳንቲሜትር ከሆነ ጨርቅ 25 ቁራጭ ይወጣል።

የካርቶኑ ጠርዝ ሲበላ በማስመሪያ ለክታችሁ አዲስ ሥሩ። ካረጀው ላይ አትገልብጡ፤ የእኛን ስህተት ትደግማላችሁ።

አሁን ሒሳቡን እንይ። በወርድ 6፣ በርዝመት 8 ቁራጭ ብንሰፋ በጠቅላላ 48 ቁራጭ ያስፈልገናል። ድሪቶው በወርዱ 120፣ በርዝመቱ 160 ሳንቲሜትር ይሆናል። የስፌቱን ረስተን 20 ሳንቲሜትር ብቻ ብንቆርጥ ግን ከእያንዳንዱ የሚታየው 18 ነው። ርዝመቱ 144 ሆኖ ይቀራል። 16 ሳንቲሜትር ጠፋ ማለት ነው። የልጁ እግር ውጭ አደረ ማለት ነው።

ድሪቶ የድሃ ሥራ ነው ብሎ የሚንቅ ቢኖር ይህን ይስማ። በአሜሪካ አገር፣ በአላባማ ግዛት፣ ጂዝ ቤንድ በሚባል የገጠር ቀበሌ ጥቁር ሴቶች ካረጀ የሥራ ልብስ ብርድ ልብስ ይሰፉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1966 በዚያ አካባቢ ያሉ ሴቶች የኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቁመው ሥራቸውን ለከተማ ገበያ ሸጡ። ለቤታቸው የሚሰፉትን እንደ ልባቸው ይቆርጡት ነበር። ለገበያ የሚሆነው ግን በተወሰነ ልክ መሠራት ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ2002 ደግሞ የጂዝ ቤንድ ሴቶች ሥራ በሂውስተን ከተማ ሙዚየም ለሕዝብ ታየ።

እኛም ዕዳችንን አልረሳንም። ያረጁ ሸሚዞቻችንንና አንድ አንሶላ አዋጥተን ወደ እናቲቱ ቤት ሄድን። ከሳሙና ካርቶን ልኩን ቆረጥን። በላዩ ላይ 22 ብለው የጻፉት ግን እሳቸው ናቸው። እጃቸው ተንቀጠቀጠ፤ ቁጥሩ ግን ተነበበ። በከሰል እያሰመሩ ራሳቸው ቆረጡ፤ ጠርዝ ከጠርዝ ገጠመ። ሁለተኛውም ልጅ ለብሶ አደረ።

ጥያቄዎች

1. ቁራጭን በቁራጭ ላይ እየለኩ መቁረጥ ለምን ይጎዳል?

2. ከተሰፋ በኋላ 15 ሳንቲሜትር የሚሆን ቁራጭ ብትፈልጉ የካርቶኑ ልክ ስንት ይሆናል?

3. በወርድ 5፣ በርዝመት 7 ቁራጭ ላለው ድሪቶ ስንት ቁራጭ ትቆርጣላችሁ?