ስለ ከተማ ቆሻሻ መድፊያ ስፍራ አመራረጥና አጠባበቅ፤ በተለይ በደብረ ብርሃንና በአንኮበር

ደብረ ብርሃን በ2011 ዓመተ ምሕረት የኢንዱስትሪ ፓርክ ከተከፈተባት ወዲህ ሠራተኛውም ነጋዴውም ስለ በዛ፥ የከተማዋ ጥራጊ እንደ ቀድሞው በየጓሮው ፍግ ሆኖ የሚያልቅ አልሆነም። የሚደፋበትን ስፍራ መምረጥም የማዘጋጃ ቤቱ ብቻ ሳይሆን የወረዳው አስተዳዳሪና የባለ መሬቱም ጉዳይ ነው፤ ከከተማ የወጣ ቆሻሻ የሚያርፈው ከገበሬ ማሳ አጠገብ ነውና።

ከሁሉ አስቀድሞ ሊመረመር የሚገባው የውሃው መውረጃ ነው። የደብረ ብርሃን ውሃ በበሬሳ ወንዝ አድርጎ ወደ ጀማ፥ ከጀማም ወደ ዓባይ ይገባል፤ ከአንኮበር ገደል በስተ ምሥራቅ የሚወርደው ግን ወደ አዋሽ ነው። የክረምት ዝናም በቆሻሻ ክምር ውስጥ ሲያልፍ ጥቁርና የሚከረፋ ፍሳሽ ይሆናል። ይህ ፍሳሽ ምንጭ ወይም ወንዝ ከነካ፥ የሚጐዳው ቆሻሻውን ያልጣለው የቆላ ሰውና ከብቱ ነው።

ስለዚህ በደንብ የተሠራ መድፊያ ጕድጓድ ብቻ አይደለም። መሬቱ ይደለደልና የሸክላ አፈር በደንብ ተጠቅጥቆ ይነጠፋል። የደብረ ብርሃን አካባቢ ጥቁር መሬት በበጋ ስለሚሰነጠቅ ብቻውን አይታመንም፤ በላዩ 1.5 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው የላስቲክ ምንጣፍ ያስፈልገዋል። በምንጣፉ ላይ ጠጠርና የተበሳሳ ቱቦ ይዘረጋል፤ ፍሳሹም በቱቦው ወርዶ በተለየ ኩሬ ይጠራቀማል። ቆሻሻው በስስ በስሱ እየተበተነ ይጠቀጠቃል፤ ማታ ማታም 15 ሳንቲ ሜትር ያህል አፈር ይለብሳል። ዙሪያው ቦይ ካልተቆፈረለት የክረምቱ ጐርፍ ድካሙን ሁሉ ከንቱ ያደርገዋል። የሐኪም ቤትና የፋብሪካ መርዛም ዝቃጭ ከዚህ ጋር ፈጽሞ አይቀላቀልም።

ይህ ሁሉ ቢሟላም የጎረቤት ገበሬ ካልተስማማ ሥራው አይጸናም። ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ብርሃን በሚወስደው መንገድ፥ በሰንዳፋ፥ በብዙ ገንዘብ የተሠራው መድፊያ በ2008 ዓመተ ምሕረት ሥራ ጀምሮ፥ ገበሬዎች ውሃችን ተበላሸ ከብታችን ታመመ ብለው ስለ ተቃወሙ በዚያው ዓመት ቆመ። ቆሻሻውም ወደ አሮጌው የቆሼ ክምር ተመለሰ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓመተ ምሕረት ክምሩ ተደርምሶ ከ110 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ። ከዚያ በኋላ በቆሼ የጃፓን የፉኩኦካ ስልት ተሠራበት፤ ይኸውም በክምሩ ውስጥ በድንጋይ የታቀፈ ቱቦ ዘርግቶ አየር ማስገባት ነው። አየር ሲገባ ብስባሱ ይፈጥናል፤ ሽታውና የሚነደው የሜታን ጋዝም ይቀንሳል። ወጪው ቀላል ስለ ሆነ ለትናንሽ ከተሞች ሊታሰብበት የሚገባው ይህ ነው።

የአንኮበር ምድር ቁልቁለትና ምንጭ ስለሚበዛበት ለትልቅ መድፊያ አይመችም። እዚያ የሚበጀው የሚበሰብሰውን ለይቶ ኮምፖስት ማድረግ፥ የቀረውን ጥቂት 40 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደብረ ብርሃን ማመላለስ ነው። ኮምፖስቱም ለደጋው ገበሬ ትልቅ ነገር ነው፤ ማገዶ አጥቶ ኩበቱን ስለሚያነድ ማሳው ፍግ ይጠማልና።

መድፊያው ሞልቶ ሲዘጋ በወፍራም አፈር ይሸፈናል፥ ሣርም ይዘራበታል። ባሕር ዛፍ ግን አይተከልበትም፤ ሥሩ ክዳኑን በስቶ ለዝናም መግቢያ ይከፍታል። ከላይና ከታች የተቆፈሩት የመመርመሪያ ጕድጓዶችም ከተዘጋ በኋላ ለብዙ ዓመታት ውሃቸው እየተቀዳ ይመረመራል።