የገጠር ግጥም፦ ቤቱ፣ ልኩና ድግግሞሹ

ስለ ገጠር ግጥም ሊጽፍ ብዕሩን ያነሣ ወጣት አስቀድሞ የሚጨነቀው ቤት ስለ መምታቱ ነው። ይሁን እንጂ በአማርኛ ቤት መምታት ከሁሉ የሚቀለው ሥራ ነው፤ ግሥ በዐረፍተ ነገር መጨረሻ ስለሚውል፣ አንድ ዓይነት ቅጥያ ያላቸውን ግሦች መደርደር ብቻ ይበቃልና። ለትምህርት ያህል ያዘጋጀነውን እንመልከት፤

በሬው ተጠመደ፥ ማሳው ታረሰለት፤
ዘሩ ተበተነ፥ ዝናም ዘነበለት።

መጀመሪያ ልኩን በጭብጨባ እንቁጠር። የሚቆጠረው ፊደሉ ሳይሆን በአፍ የሚሰማው ድምፅ ነው። «በሬው» ሲጻፍ 3 ፊደል ነው፤ ሲነገር ግን «በ-ሬው» 2 ነው። «ተጠመደ» 4፤ በድምሩ 6። ከዕረፍቱ በኋላም እንዲሁ 6። ይህ 6 በ6 የሆነው ልክ «የወል ቤት» ይባላል። የቡሄ ልጆች የሚጨፍሩበት «ቡሄ በሉ» 4 በ4 በመሆኑ ይፈጥናል፤ ጸጋዬ ገብረ መድኅን የተጠቀመበት 8 በ8 ደግሞ በስሙ «የጸጋዬ ቤት» ተብሏል። ለበሬ እርምጃ የወል ቤት የሚስማማ ይመስለናል።

እንግዲህ ልኩ ትክክል ነው፤ ቤቱ ግን ደካማ ነው። «ታረሰለት» እና «ዘነበለት» የተገናኙት በቅጥያ ብቻ ስለሆነ ጆሮ የሚመጣውን አስቀድሞ ያውቀዋል። ደግሞስ የታረሰለት ለማን ነው? ግሦቹን ትተን ስምን ከስም እናጋጥም፤

በሬው ተጠመደ፥ ማሳው ጠጣ ውሃ፤
ዘሩ ተበተነ፥ ፈገግ አለ ድሃ።

ውሃና ድሃ ተገናኙ፤ ሰውም ወደ ግጥሙ ገባ። (የከተማ ልጅ «አረንጓዴ መስክ» እያለ ከመደጋገሙ በፊት ሞፈርን ከቀንበር ለይቶ ቢያውቅ መልካም ነው።)

ድግግሞሽን ብዙዎች መስመር መሙያ ያደርጉታል። ይህን ግን ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡት፤

ጎጆው ያው ነው ዛሬም፥ ጅረቱም ያው ዛሬም፤
እናቴ ግን የለች፥ ዝም አለ መንደሬም።

ሁለት ጊዜ «ዛሬም» የሰማ ጆሮ ሦስተኛውን ይጠብቃል። በዚያ ፈንታ «የለች» ሲባል ሐዘኑ ይሰማዋል፤ ገጣሚው «አዘንሁ» ማለት አላስፈለገውም። ሁለተኛውን አውጥተን «ጅረቱም ይፈሳል» ብንል ልኩ ያው 6 ነው፤ ነገር ግን ጆሮ የሚጠብቀው ነገር አይኖርም፤ ቤቱም ይፈርሳል።