የምንሠራው ቤት ማንን ያስገባል?

ሕንፃ ለጀመሩና ለሚጀምሩ ማኅበረ ምእመናንና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የተዘጋጀ ትምህርት

ክረምቱ አልፎ መንገዱ ሲደርቅ በየስፍራው የሕንፃ ሥራ ይጀመራል። አንዱ ማኅበረ ምእመናን ጸሎት ቤት ያሠራል፤ ሌላው ለልጆች መማሪያ ክፍል፣ ሌላው ደግሞ ለአካባቢው ሕዝብ ክሊኒክ ለማቆም ድንጋይ ያስጭናል። በኮሚቴ ስብሰባ ላይ ዘወትር የሚነሡት ጥያቄዎች ሁለት ናቸው፦ ስንት ሰው ይይዛል? ስንት ብርስ ይፈጃል? ሁለቱም ተገቢዎች ናቸው። ግንብ ለመሥራት ያሰበ ሰው ወጪውን አስቀድሞ እንዲመረምር ጌታ በምሳሌ አስተምሮናል።

ነገር ግን የአንድ ቤት ወጪ በሲሚንቶና በቆርቆሮ ብቻ አይቆጠርም። መስኮቱ የጠበበ ክሊኒክ ለመታከም የመጣውን ሰው በሌላ በሽታ አስይዞ ሊመልሰው ይችላል። ደረጃው የበዛ ጸሎት ቤት አንዳንዶቹን ከውጭ ያስቀራል። የሚጠግነው የሌለው ሕንፃም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሸክም ይሆናል። ስለዚህ በዚህ ትምህርት ሦስት ተጨማሪ ጥያቄዎችን እንመለከታለን፦ በቤቱ ውስጥ ያሉት ምን ይተነፍሳሉ? ወደ ቤቱ መግባት የማይችለው ማን ነው? ቤቱስ ከዐሥር ዓመት በኋላ እንዴት ይኖራል?

1. አየርና ብርሃን

የሳንባ ነቀርሳ የሚተላለፈው በአየር ነው። በሽተኛው ሲያስል የሚወጡት ደቃቅ ነጠብጣቦች በተዘጋ ክፍል ውስጥ ለብዙ ሰዓት ሊንሳፈፉ ይችላሉ። በዚያ ክፍል ተራውን የሚጠብቅ ሁሉ፣ ሕፃን ያዘለችው እናት ሳትቀር፣ ያንኑ አየር ትተነፍሳለች። ንጹሕ አየር ሲገባ ግን ነጠብጣቡ እየሳሳ ይሄዳል፤ የፀሐይ ብርሃንም ጀርሙን ይገድለዋል።

ይህ በመለኪያ የተረጋገጠ ነገር ነው። በፔሩ ዋና ከተማ በሊማ በሚገኙ ስምንት ሆስፒታሎች ውስጥ ተመራማሪዎች የክፍሎቹን አየር ለክተው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2007 አሳትመዋል። በርና መስኮት ሲከፈት የክፍሉ አየር በአማካይ በሰዓት 28 ጊዜ ተለወጠ። ለአደገኛ ክፍሎች የሚመከረው በሞተር የሚሠራ የአየር ማመላለሻ የሚሰጠው ግን 12 ጊዜ ነው። ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረን ደግሞ ይህ ነው፦ ከኀምሳ ዓመት በፊት የተሠሩት፣ ጣሪያቸው ከፍ ያለና መስኮታቸው ሰፊ የሆነው አሮጌ ክፍሎች፣ በኋላ ከተሠሩት አዳዲሶቹ የበለጠ አየር ነበራቸው፤ 40 ጊዜ በ17። እንግዲህ ጤናማ ቤት ለመሥራት ውድ መሣሪያ ከውጭ ማስመጣት ግድ አይደለም።

በሩዋንዳ የቡታሮ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2011 ሲከፈት ይኸው ሐሳብ በሥራ ላይ ውሎ ነበር። በታካሚዎቹ ክፍሎች ፊት ለፊት የሚተያዩ መስኮቶች ተደረጉ፤ ከጣሪያው ሥር አየር ማውጫ ተተወ፤ አልጋዎቹም በሽተኛው በመስኮቱ ወደ ውጭ እንዲያይ ሆነው ተደረደሩ። የመጠበቂያው መተላለፊያ ከውጭ በኩል ሆነ። ግድግዳው የተሠራው ገበሬው ከእርሻው ለቅሞ ከሚጥለው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ሲሆን፣ የሠሩትም የአካባቢው ሰዎች ናቸው።

በእኛ አገር ግን አንድ ችግር አለ። መስኮት ሲከፈት ብዙ ሰው «ነፋስ ይመታኛል» ብሎ ይዘጋዋል። በደጋው ብርድም ሰውን በዚህ መውቀስ አይገባም። መፍትሔው ሰውን መገሠጽ ሳይሆን ቀዳዳውን ከራስ በላይ ማድረግ ነው። ከጣሪያው ሥር በሁለቱም ተቃራኒ ግድግዳዎች ላይ የማይዘጋ፣ ወንፊት ሽቦ የተመታበት ክፍት ቦታ ቢተው፣ ሞቃቱ አየር ወደ ላይ ወጥቶ ይሄዳል፤ የተቀመጠውን ሰው ነፋስ አያገኘውም። በቆላው ወንፊቱ ጥቅጥቅ ያለ ይሁን፤ የወባ ትንኝ እንዳይገባ።

የክሊኒክ ተራ መጠበቂያ ጣሪያ ያለው፣ ግድግዳ ግን የሌለው በረንዳ ቢሆን ከሁሉ ይሻላል፤ ወጪውም ያነሰ ነው። በምርመራ ክፍሉ ውስጥ ደግሞ አየሩ ከሐኪሙ ወደ በሽተኛው፣ ከበሽተኛው ወደ ውጭ እንዲሄድ ወንበሮቹን ማስቀመጥ ያስፈልጋል። የሚጤስ ጨርቅ ይዞ መቆምና ጢሱ ወዴት እንደሚሄድ ማየት በቂ ፈተና ነው።

የፀሐይንም አቅጣጫ እናስብ። በአገራችን ጠዋትና ማታ ዝቅ ብላ የምትመጣው ፀሐይ የምሥራቁንና የምዕራቡን ግድግዳ ታሞቃለች። በቆላ የቤቱ ረጅም ጎን ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ቢዞር ሙቀቱ ይቀንሳል። በደጋ ግን የጠዋት ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ለሕፃናትና ለአረጋውያን በረከት ነው።

2. የወጥ ቤት ጢስ

ስለ ሕንፃ ስንነጋገር ወጥ ቤቱ ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ በመጨረሻ በተረፈው ቆርቆሮ ይሠራል። ነገር ግን እናቶቻችንና እኅቶቻችን ዕድሜአቸውን የሚያሳልፉት በዚያ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በቤት ውስጥ በሚነደው ማገዶ ጢስ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ 3.2 ሚሊዮን ሰዎች እንደ ሞቱ ገምቷል። ከእነዚህ ውስጥ ከ237,000 በላይ የሚሆኑት ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ናቸው።

አባቶች «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይላሉ። ወጡን ባያጣፍጠውም እንኳ የጋጋሪዋን ሳንባ ያድናል። «ምርጥ» የሚባለው የእንጀራ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ጢሱን ግን ጨርሶ ስለማያጠፋው ጭስ ማውጫ ያስፈልጋል። ለድግስና ለሕፃናት ምገባ የሚሠራ ወጥ ቤት ከዋናው ቤት ተለይቶ፣ ነፋሱ ጢሱን ወደ ክፍሎቹ በማይመልስበት በኩል ይቁም፤ ከግድግዳውና ከጣሪያው መካከልም ዙሪያውን ክፍት ቦታ ይተውለት።

አንድ ነገር አጥብቀን እናሳስባለን። የተያያዘ ከሰል ወደ መኝታ ክፍል ማስገባት ያለ ሽታና ያለ ጢስ ይገድላል። የእንግዳ ማረፊያ ወይም የተማሪዎች ማደሪያ ያላችሁ ሁሉ ይህን ለሚያድሩት ንገሩ።

3. ለሁሉ የሚሆን በር

በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 2 የምናነበውን ሽባ ሰው እናስታውስ። አራት ሰዎች ተሸክመውት መጡ፤ በበሩ ግን መግባት ስላልቻሉ ጣሪያውን ነድለው አወረዱት። በዚያ ቀን እንቅፋት የሆነው የሕዝቡ ብዛት ነበር። ዛሬ በብዙ ስፍራ እንቅፋት የሚሆነው እኛው ራሳችን የሠራነው ደረጃ ነው። ተሸክመው የሚያስገቡት ሰው ተሸክመው እስኪያወጡት ድረስ ይጠብቃል፤ መውጣት ቢፈልግም አይችልም። ከጊዜ በኋላም «አላስቸግራቸው» ብሎ ቤቱ ይቀራል።

አገራችን በዚህ ነገር ላይ ሕግ አውጥታለች። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ማናቸውም የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄዱና ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ሰዎች የሚያመች መግቢያ እንዲኖረው ደንግጓል። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አጽድቃለች።

ልኬቱን እንመልከት። በደረጃ ፋንታ የሚሠራው ዘንበል ያለ መወጣጫ ለእያንዳንዱ 1 ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት ያስፈልገዋል። ወለሉ ከመሬት 45 ሳንቲሜትር ከፍ ካለ፣ መወጣጫው 5 ሜትር ከ40 ይሆናል ማለት ነው። ከዚህ ካጠረ ተሽከርካሪ ወንበሩን ወደ ላይ መግፋት ይከብዳል፤ ሲወርድም ያንሸራትታል። በጎንና በጎኑ መደገፊያ ይኑረው፤ ገጹም በዝናብ እንዳያዳልጥ ሻካራ ይሁን። በሩ ሲከፈት ቢያንስ 80፣ ቢቻል 90 ሳንቲሜትር ክፍት ቦታ ይስጥ። ተሽከርካሪ ወንበር ለመዞር 1 ሜትር ከ50 በ1 ሜትር ከ50 የሆነ ስፍራ ይፈልጋል።

መጸዳጃ ቤቱ ከሁሉ ይልቅ የሚረሳው ነው። ጸሎት ቤቱ መወጣጫ ኖሮት መጸዳጃው ከድንጋይ ክምር በላይ ከሆነ፣ ሰውየው ጠዋት ውሃ ሳይጠጣ መምጣት ግድ ይሆንበታል። ቢያንስ አንዱ ክፍል ሰፊ ይሁን፤ መቀመጫና በግድግዳው ላይ የጸና መያዣ ይኑረው፤ በሩም ወደ ውጭ ይከፈት፤ ሰው ውስጥ ቢወድቅ መግባት እንዲቻል።

ለማየት ለተሳናቸው ወገኖች ከሁሉ የሚከፋው በመተላለፊያው ላይ ወደ ውጭ የሚከፈት መስኮትና ክዳን የሌለው የውሃ መውረጃ ቦይ ነው። አንዱ ግንባርን ይመታል፣ ሁለተኛው እግርን ይሰብራል። በጥቂቱ ለሚያዩት የደረጃው ጠርዝ በደማቅ ቀለም ይቀባ። መስማት የተሳናቸው ደግሞ የተናጋሪውን ፊትና የአስተርጓሚውን እጅ ማየት አለባቸው፤ ስለዚህ ብርሃኑ በተናጋሪው ጀርባ ሳይሆን በፊቱ ላይ ይውደቅ። ለተሽከርካሪ ወንበር የሚተወው ስፍራም ከበሩ ጥግ ሳይሆን ከቤተ ሰቡ መካከል ይሁን።

ይህ ሁሉ ለጥቂቶች ብቻ ነው የሚል ቢኖር፣ መወጣጫውን በእርግጥ ማን እንደሚጠቀምበት ይመልከት፦ በቃሬዛ የሚመጣ በሽተኛ፣ እርጉዝ ሴት፣ ምርኩዝ የያዙ አባት፣ ውሃ በጀሪካን የሚያመላልስ ልጅ። ከመጀመሪያው በፕላኑ ከገባ ወጪው ትንሽ ነው፤ ቤቱ ካለቀ በኋላ ግን ማፍረስ ይመጣል።

4. የሚዘልቅ ቤት

ብዙዎች የጭቃ ቤት የድህነት ምልክት ይመስላቸዋል። ሆኖም በሚገባ የተሠራ የጭቃ ግድግዳ ሙቀትንና ብርድን ከብሎኬት ይልቅ ያቀዘቅዛል፣ ያሞቃልም። ጠላቶቹ ሁለት ናቸው፤ ውሃና ምስጥ። መሠረቱ ድንጋይ ሆኖ ከመሬት ግማሽ ሜትር ያህል ከፍ ቢል፣ የጣሪያው ክፈፍ ከ60 ሳንቲሜትር ያላነሰ ወጣ ቢል፣ እንጨቱም አፈር ባይነካ ዕድሜው ይረዝማል። ሲሚንቶን ደግሞ ጥንካሬ በሚያስፈልግበት ስፍራ፣ በመሠረት ማሰሪያና በወለል ላይ ብንወስነው ገንዘብም እንቆጥባለን፤ ሲሚንቶ ሲመረት አየርን የሚያሞቅ ብዙ ጋዝ ይለቀቃልና።

የቆርቆሮ ጣሪያ ቀን ያቃጥላል፣ ሌሊት ያቀዘቅዛል፣ ዝናብ ሲጥልም ስብከቱም ትምህርቱም አይሰማም። ከቀርከሃ የተሠራ ኮርኒስ እንኳ ሦስቱንም ያቃልላል።

ይኸው ጣሪያ ግን ውሃ ይሰጣል። በ1 ካሬ ሜትር ላይ የሚወርድ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ነው። ጣሪያችን 100 ካሬ ሜትር፣ የዓመቱ ዝናብ 1000 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ አንድ አምስተኛው እንኳ ቢባክን 80,000 ሊትር ይገኛል። አሸንዳውን ከጣሪያው ጋር አብሮ መትከል፣ መጀመሪያ የሚወርደውን ቆሻሻ ውሃ ወደ ውጭ መልቀቅ፣ ታንከሩን መክደንና በቧንቧ ብቻ መቅዳት ያስፈልጋል። የመጸዳጃው ጉድጓድም ከውሃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፤ ከተዳፋቱም በታች በኩል ይሁን።

በመጨረሻ፣ ሕንፃ ከምረቃው ቀን በኋላም ባለቤት ይፈልጋል። አሸንዳ የሚጠርግ፣ ግድግዳ የሚመርግ፣ መስኮት የሚያስጠግን ሰው በስም ይመደብ፤ ለዚህም በየዓመቱ ጥቂት ገንዘብ ይቀመጥ።

5. ገንዘቡ ሲያንስ

ሁሉን በአንድ ጊዜ ማድረግ አይቻል ይሆናል። እንግዲያው ቅደም ተከተሉን እንወስን። በኋላ ለመለወጥ የሚያስቸግረውን እናስቀድም፦ የቤቱን አቅጣጫ፣ የወለሉን ከፍታ፣ የበሩን ስፋት፣ የመስኮቱን ብዛት። ቀለም፣ የወለል ንጣፍ፣ የአጥር በር ጌጥ ሊቆዩ ይችላሉ። በዘዳግም ምዕራፍ 22 አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው፣ ማንም እንዳይወድቅ ለሰገነቱ ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ታዝዟል። በዚያ ትእዛዝ ውስጥ የምናየው ይህ ነው፦ ቤት ሠሪ በቤቱ ስለሚገቡት ሰዎች ሕይወት ተጠያቂ ነው።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

ሀ. ጭነት የያዘ ባለ አንድ ጎማ የእጅ ጋሪ ከግቢው በር እስከ ጸሎት ቤቱ መካከል፣ ከዚያም እስከ መጸዳጃው ሳይነሣ ሊገፋ ይችላልን? የት ላይ ይቆማል?

ለ. ባለፈው ዓመት ከጉባኤያችን የቀሩ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች እነማን ናቸው? ቤታቸው ሄደን ምክንያቱን ጠይቀናልን?

ሐ. በክሊኒካችን ወይም በመማሪያ ክፍላችን ውስጥ መስኮቶቹ ሁሉ ሲዘጉ አየር በየት ይገባል? በየትስ ይወጣል?

መ. የወጥ ቤቱን ፕላን ከመሥራታችን በፊት በውስጡ የሚሠሩትን ሴቶች አማክረናልን?

ሠ. በዚህ ዓመት፣ አዲስ ገንዘብ ሳንጠይቅ፣ በራሳችን ጉልበትና ድንጋይ ልንለውጠው የምንችለው አንድ ነገር ምንድር ነው? ማን ይጀምረዋል? መቼስ?