ሕፃኑ ሲያለቅስ እናቲቱ ምን ትብላ?

አራስ ልንጠይቅ ስንሄድ አጥሚትና ገንፎ ብቻ ሳይሆን ምክርም ይዘን እንገባለን። ሕፃኑ ማታ ማታ እግሩን ወደ ሆዱ እያጠፈ ሲያለቅስ አንዷ «ሽሮ በልተሽ ነው» ትላለች፤ ሌላዋ ቅቤ ልታውጠው ትነሣለች። እንቅልፍ ያጣችው እናት ደግሞ ጥፋቱ የእርሷ ይመስላታል። ስለዚህ ነገሩን በቅደም ተከተል እንመልከት።

1. ቁርጠት ምንድን ነው?
ጤናማ የሆነና በደንብ የሚጠባ ሕፃን ያለ ግልጽ ምክንያት ለረጅም ሰዓት ሲያለቅስ የሆድ ቁርጠት ይባላል። አሜሪካዊው ሐኪም ሞሪስ ዌሰል በ1954 እ.ኤ.አ. ያወጡት መለኪያ በቀን ከ3 ሰዓት፣ በሳምንት ከ3 ቀን በላይ የሚል ነው። ለቅሶው በ6ኛው ሳምንት ገደማ ይበረታል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 4 ወር ባለው ጊዜ ይተዋል። ጡት የሚጠባውንም ጡጦ የሚጠባውንም ይይዛል።

2. የእናቲቱ ምግብ
ሽሮ፣ ምስርና ጎመን በእናቲቱ አንጀት የሚፈጥሩት ጋዝ ወደ ጡት ወተት አያልፍም። እነዚህን ብንከለክላት የምትጎዳው እርሷ ናት። ይሁን እንጂ ጥቂት ሕፃናት በእናታቸው በኩል የሚደርሳቸው የላም ወተት ፕሮቲን አይስማማቸውም። ይህ ከተጠረጠረ እናቲቱ የጤና ባለሙያ አማክራ ወተት፣ አይብና ቅቤ ለ2 ሳምንት ያህል ትታ ትሞክር፤ ለውጥ ካልታየ ወደ ቀድሞ ምግቧ ትመለስ። ቡና ማብዛትም የሕፃኑን እንቅልፍ ሊነሣ ይችላል።

3. የሕፃኑ ምግብ
እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ ይበቃዋል። ቅቤ ወደ ሳንባ ገብቶ ሊያፍነው ይችላል። የስኳር ውሃ፣ የአብሽ ውሃና ጤና አዳም ሆዱን ሞልተው ጡት ያስተዉታል፤ ውሃው ንጹሕ ካልሆነም ተቅማጥ ያመጣሉ። ይልቅስ ከጠባ በኋላ ቀና አድርጋችሁ አስገሱት፤ አቅፋችሁ በቀስታ አወዛውዙት። የያዘው ሰው ትዕግሥቱ ካለቀ ለሌላ ይስጠው፤ ሕፃንን መነቅነቅ አንጎሉን ይጎዳልና።

4. ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ
ትኩሳት፣ አረንጓዴ ትውከት፣ ደም ያለበት ሰገራ፣ ጡት እምቢ ማለት፣ መፍዘዝ ወይም ክብደት አለመጨመር ከታየ ቁርጠት ነው ብላችሁ አትጠብቁ።

ለውይይት
ሀ. በአካባቢያችን አራስ ምን ምን ትከለከላለች? ለምን?
ለ. በዚህ ሳምንት ለአንዲት አራስ ምክር ከመስጠት ይልቅ ሕፃኑን ይዞ እናቲቱን ለአንድ ሰዓት የሚያስተኛት ማን ነው?